የማኅበረሰብ ውይይት በከምባታ፦ የሴት ልጅ ግርዛት የቀረበት መንገድ

ከምባታ በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በአምበሪቾ ተራራ ዙሪያ የሚገኝ፣ ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረበት የእንሰት አገር ነው። ዋና ከተማው ዱራሜ ሲሆን ዛሬ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ይተዳደራል። እስከ እ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ በዚህ አገር ሳትገረዝ ለትዳር የምትበቃ ልጅ አልነበረችም ማለት ይቻላል። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2008 ያስጠናው ጥናት ግን ከተጠየቁት ነዋሪዎች 97 በመቶው ግርዛትን እንደሚቃወሙ አሳየ። ለብዙ ትውልድ የኖረ ልማድ በዐሥር ዓመት ገደማ እንዲህ ሲናወጥ በአገራችን ብዙ ጊዜ አይታይም። ስለዚህም እንዴት እንደሆነ በዝርዝር ማወቁ ይጠቅማል።

ሥራውን የጀመሩት ቦጋለች ገብሬና እህታቸው ፍቅርተ ናቸው። ቦጋለች ከምባታ ውስጥ ዛቶ በተባለ መንደር ተወልደው፣ እንደ እኩዮቻቸው ሁሉ በልጅነታቸው ተገርዘዋል። ሴት ልጅ ትምህርት ቤት መሄዷ እንግዳ በነበረበት ጊዜ ውኃ ልቀዳ ብለው እየወጡ ፊደል ቆጠሩ። ቆይተውም በኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም በአሜሪካ ማሳቹሴትስና ሎስ አንጀለስ ተማሩ። አሜሪካ ሳሉ ማራቶን እየሮጡ ለአገራቸው ገንዘብ ያሰባስቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ተመልሰው «ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ» የተባለውን፣ የከምባታ ሴቶች አብረው የሚቆሙበትን ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬ የሚታወቀው ኬኤምጂ ኢትዮጵያ በሚለው ስሙ ነው።

ቦጋለች ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ሴቶች ጤና ሊያነጋግሩ ሲመጡ ነዋሪው ያነሣላቸው ሌላ ችግር ነበር፤ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎችም ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ አልነበረም። እሳቸውም ርእሱን ወደ ራሳቸው ጉዳይ ከመመለስ ይልቅ አስቀድመው ድልድዩ እንዲሠራ አደረጉ። እኔ እንደማየው ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ መሠረቱ እዚህ ላይ ነው። ችግሩን ሰምቶ ያቃለለለት ሰው ስለ ሴት ልጁ ገላ ሲያነጋግረው የአገሬው ሽማግሌ ተቆጥቶ አይነሣም። ከተማ ተቀምጦ የሚወጣ መመሪያ ይህን ዓይነት አመኔታ ሊያገኝ አይችልም።

ዋናው መሣሪያ የማኅበረሰብ ውይይት ነበር። ስልቱ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ በመጀመሪያ ለኤች አይ ቪ መከላከያ የመጣ ሲሆን፣ ኬኤምጂ ከከምባታ አጠገብ ባለው በአላባ ከሞከሩት ድርጅቶች አንዱ ነው። ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም ወጣቱም፣ የሃይማኖት አባቶችና ገራዦችም ጭምር በአንድ ላይ ይቀመጣሉ። በወር ሁለት ጊዜ ያህል እየተገናኙም ለረጅም ወራት ይቀጥላሉ። ውይይቱን የሚመሩት ሥልጠና ያገኙ የአካባቢው ሰዎች ናቸው፤ ሥራቸው ጠይቆ ማነጋገር እንጂ ማስተማር አይደለም። ልጃገረዷ ምን ያህል ደም ፈሰሳት? ምጥ የጠናባት ለምንድን ነው? ልማዱ ከየት መጣ፣ የትኛው ሃይማኖትስ ያዘዋል? እናቶች በባሎቻቸው ፊት ተናግረውት የማያውቁትን ሥቃይ ያን ጊዜ ተናገሩት። በቤት ውስጥ እንኳ የማይነሣ ጉዳይ በአደባባይ መነሣቱ ራሱ ትልቅ ለውጥ ነበር።

ግርዛትን ያጸናው ጭካኔ አልነበረም። ያልተገረዘች ልጅ ባል አታገኝም የሚለው ስጋት ነበር። አንድ አባት ክፉነቱ ቢገባው እንኳ ብቻውን ልጁን ሊያተርፋት አይችልም፤ ጎረቤቱ ካላቆመ የእሱ ልጅ ቆማ ትቀራለች። ስለዚህ ሰው በግል ማመኑ አይበቃም፤ ሌላውም እንዳመነ በዓይኑ ማየት አለበት። ለዚህ መልስ የሆነው ሠርግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ያልተገረዘች ሙሽራ በሺህ በሚቆጠር ሕዝብ ፊት ተዳረች። ሙሽሪትና ሚዜዎቿ አለመገረዛቸውን፣ ሙሽራውም ያልተገረዘች ልጅ በማግባቱ መደሰቱን የሚናገር ጽሑፍ ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው ነበር። ከእነሱ በኋላ ሌሎችም በዚያው መንገድ ተጋቡ። የጋብቻው ስጋት በጋብቻ ተሻረ።

ቃሉን ያጸናው ደግሞ እድር ነው። የከምባታ እድሮች ልጁን የሚያስገርዝ ቤተሰብ ከማኅበሩ እንዲገለል መወሰን ጀመሩ። በገጠር ከእድር መውጣት ማለት በሐዘን ቀን ድንኳን የሚተክል፣ ሬሳ የሚሸከም ማጣት ነውና ከገንዘብ ቅጣት ይልቅ ይከብዳል። አዲስ ተቋም ማቋቋም አላስፈለገም፤ ሕዝቡ የሚፈራውና የሚያከብረው ተቋም አስቀድሞ በእጁ ነበር። ማኅበራዊ ፈጠራ ሲባል አዲስ ነገር ማምጣት ብቻ ለሚመስላቸው ይህ ሊያስቡበት የሚገባ ነው።

የመንግሥት ሕግ የመጣው ውይይቱ ከተጀመረ በኋላ ነው። በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 ግርዛትን በእስራት ወይም በገንዘብ መቀጮ፣ በአንቀጽ 566 ደግሞ የሴትን ብልት ሰፍቶ ማጥበብን ከ3 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ይድን የነበረበት የ1949 ዓ.ም. ድንጋጌም በዚሁ ሕግ ቀርቷል። ኬኤምጂም ጠለፋን ሲታገል ስለኖረ ይህ ለከምባታ ሴቶች ትልቅ ነገር ነበር። ሕጉ ግን ብቻውን የትም አልደረሰም። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው በአገር ደረጃ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች የተገረዙት እ.ኤ.አ. በ2005 74 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 65 በመቶ ነበሩ። ይህ ቁጥር ቀድሞ የተገረዙትንም ስለሚጨምር ለውጡን አዘግይቶ ያሳያል፤ እንደዚያም ሆኖ ገና ብዙ ይቀራል።

የከምባታውን 97 በመቶ ስናነብም አንድ ነገር አንርሳ፤ እቃወማለሁ ማለትና አለማስገረዝ አንድ አይደሉም። በድብቅ የሚደረገውን ግርዛት መጠይቅ አይደርስበትም።

ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ2013 የቤልጂየሙን የንጉሥ ቦዱዊን የልማት ሽልማት ተቀብለው፣ በ2019 በሎስ አንጀለስ አረፉ። የማኅበረሰብ ውይይት በበኩሉ በኤች አይ ቪ መከላከል በኩል በብዙ የኢትዮጵያ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። ወራት የሚፈጀው ውይይት ወደ አንድ ቀን ስብሰባ ሲያጥር ግን ሰው የሰማውን ይሰማና ይበተናል፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ቃል የሚያስገባበት ጊዜ አይኖርም። ግርዛቱ እጅግ በከፋባቸው በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ቃል የሚያስረው እድር ሳይሆን የጎሳ ሽማግሌና የሃይማኖት አባት ነው። የከምባታን መንገድ ወደዚያ የሚወስድ ሰው ሥራውን ከእነሱ መጀመር ይኖርበታል።