የመንጋጋ ውልቃት ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

ሰሞኑን አንድ «ባለሙያ» ጣቱን ጆሮው ሥር ለጥፎ፣ አፉን ከፈት ዘጋ እያደረገ፣ «ሰማችሁ? ቋ አለ! መንጋጋዬ ወልቋል ማለት ነው፤ ቶሎ ካልተመለሰ አጥንቱ ተበልቶ ያልቃል» ሲል ሰማሁት። ወንድሜ፣ መንጋጋው የወለቀ ሰው እንዲህ አጥርቶ አይናገርም። አፉን መግጠም አይችልማ!

ውልቃት ማለት የታችኛው መንጋጋ አጥንት ራስ ከጆሮ ፊት ካለው ጎድጓዳ ወጥቶ፣ ከፊቱ ያለውን ጉብታ ተሻግሮ እዚያው ሲቀር ነው። አፍ እንደተከፈተ ይቀራል፣ ምራቅ ይዝረበረባል፣ ከጆሮ ፊት ባዶ ስርጉድ ቦታ በጣት ይዳሰሳል። የወለቀው አንዱ ጎን ብቻ ከሆነ አገጭ ወደ ጤነኛው ወገን ይዞራል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው አፍን በልጥጦ ከማዛጋት ወይም ጥርስ ሲሠራ አፍን ለረጅም ሰዓት ከፍቶ ከመቆየት ነው። ሐኪሙ አውራ ጣቶቹን አፍ ውስጥ አስገብቶ መንጋጋውን መጀመሪያ ወደ ታች፣ ቀጥሎ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ከጉብታው በታች ዝቅ ሳይል ወደ ኋላ አይመለስምና። ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ሲመለስ አፍ በኃይል ይገጥማል፣ መሀል ላይ ያለው ደግሞ የሞካሪው ጣት ነው። ከአደጋ በኋላ የመጣ ከሆነማ ስብራት አለመኖሩ በራጅ ሳይታይ ማንም አይንካው።

ቋ የሚለው ሌላ ነገር ነው። በአጥንቱ ራስና በጎድጓዳው መካከል ስስ ዲስክ አለ፤ ራስ ላይ የተደፋ ቆብ በሉት። አፍ ሲከፈት የአጥንቱ ራስ መጀመሪያ ባለበት ይዞራል፣ ከዚያ ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ቆቡም አብሮት ይሄዳል። አንዳንዱ ሰው ላይ ግን ቆቡ ቀድሞውኑ ወደ ፊት አዘንብሎ ተቀምጧል። አፍ ሲከፈት ራስየው ከቆቡ ሥር ይገባል፤ ቋ! ሲዘጋ ቆቡ እንደገና ያመልጣል፤ ሌላ፣ ቀለል ያለ ቋ። አጥንቱ ከጎድጓዳውና ከጉብታው ክልል አልወጣም።

«እንግዲያው ቆቡን ወደ ቦታው እንመልሰው» ባይ አይጠፋም። የዚህ ቆብ ላስቲክ፣ ማለትም ከጎንና ከኋላ የያዙት ጅማቶች፣ አንዴ ከረገበ ቆቡን መልሶ መድፋት ሳይሆን እዚያ ማቆየት ነው ችግሩ። ደግሞስ ለምን? ምንም ሕመም የሌላቸው ሰዎች ኤም አር አይ ቢነሡ ከሦስት በአንዱ ገደማ ቆቡ ፈቀቅ ብሎ ይገኛል። ቋ እያለ የማያም፣ እንደ ልብ የሚከፈት መንጋጋ ሕክምና አይፈልግም። ለዚህ ብሎ ጥርስ መሞረድማ ጭራሽ! የተሞረደ ጥርስ አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ1934 ጀምስ ኮስተን የተባለ አሜሪካዊ የአንገት በላይ ሐኪም ጣጣው ሁሉ ከኋላ ጥርሶች መጉደል እንደሚመጣ ጽፎ ነበር። የአናቶሚ ሰዎች ማብራሪያውን ከጣሉት ዘመን የለውም፤ መንጋጋን በጥርስ ሞረድ ለማዳን የሚነሣ ግን ዛሬም አለ።

እኔን የሚያሳስበኝ ቋ ማለቱን በድንገት ሲያቆም ነው። በሽተኛው «ተሻለኝ» ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ አፉ ግን ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ብቻ ይከፈታል። ጤነኛ አዋቂ 40 እና ከዚያ በላይ ይከፍታል፣ የራሱን ሦስት ጣቶች ደርድሮ የሚያስገባ ያህል። ቆቡ ፊት ለፊት ተጨማድዶ መንገዱን ዘግቶበታል። ይህ ሳይቆይ መታየት አለበት። ያም ሆኖ ብዙዎቹ በእንቅስቃሴ ሕክምናና በፀረ ብግነት መድኃኒት ይሻላቸዋል፣ ካልሆነም መገጣጠሚያው በመርፌ ይታጠባል፤ ቢላዋ የመጨረሻው ነው። እዚህ ላይ ምሳሌዬ ይቀደዳል፦ ቆብ ከጠፋ ጠፋ ነው፣ ሰውነት ግን ከኋላ የተጎተተውን ሥጋ ቀስ በቀስ አጠንክሮ ምትክ ቆብ ያደርገዋል።

ሕመሙስ? አብዛኛው ከጡንቻ ነው። ዲስኩ መሀሉ ላይ ነርቭ እንኳ የለውም። አሁን ይህን ስታነቡ ጥርሶቻችሁ ገጥመዋል? ሳናኝክና ሳንውጥ ከንፈር ይገጥማል እንጂ ጥርስ ከጥርስ መነካካት የለበትም። ቀኑን ሙሉ ጥርሱን ነክሶ የሚውል ሰው ማታ ጉንጩና ጆሮ ግንዱ ቢያመው አይግረመው። መንከሱን መተው፣ ለስላሳ ምግብ፣ ሞቅ ያለ ጨርቅ፤ አሰልቺ ቢሆንም መነሻው ይኸው ነው።

ማንም ባይጠይቀኝም ሁለት ነገር ልጨምር። ዕድሜው ከ50 ያለፈ ሰው ሲያኝክ መንጋጋው እየዛለ የሚያመው ከሆነና አዲስ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣበት፣ ጉዳዩ የደም ሥር ብግነት ሊሆን ይችላልና የዓይን ብርሃን ሳይጠፋ በዚያው ቀን ይታይ። ደረጃ ሲወጣ የሚጀምር፣ ሲያርፍ የሚተው የመንጋጋ ሕመም ደግሞ ወደ እኔ አይምጣ፤ ልቡን ይታይ።