በቅድስት አርሴማ አገር ስለተሠዉ ሰማዕታት፦ ሚያዝያ 16ን እንዴት እንዘክር?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

መስከረም 29 የምናከብራት ቅድስት አርሴማ አክሊል የተቀዳጀችው በአርማንያ ምድር፣ በንጉሥ ድርጣድስ እጅ ነው። ቅዱስ ጎርጎርዮስም በዚሁ ንጉሥ ጉድጓድ ውስጥ ተጥሎ ኖሮ በኋላ ራሱን ንጉሡን አጠመቀ። የዚህች እኅት የአርመን ቤተ ክርስቲያን ልጆች በቅርብ ዘመን በኦቶማን (ቱርክ) መንግሥት እጅ ያዩትን መከራና ጭፍጨፋ ግን አብዛኞቻችን አልተማርነውም። «አንድም ብልት ቢሠቃይ ብልቶች ሁሉ ከእርሱ ጋር ይሠቃያሉ» (1ኛ ቆሮ 12፥26)።

አስቀድሞ የጭፍጨፋውን ዘመን እናስተካክል። በፈረንጅ አቆጣጠር 1915 የሚባለው በእኛ 1907 ዓ.ም. ነው። ይህን ያልለየ መምህር፣ ጭፍጨፋው ራስ ተፈሪ ወላጅ አልባዎቹን አርባ የአርመን ልጆች ከኢየሩሳሌም ካስመጡበት ከ1916 ዓ.ም. አንድ ዓመት ብቻ የቀደመ ያስመስለዋል።

መከራው በ1907 አልጀመረም። በታኅሣሥ 1888 ዓ.ም.፣ ዓድዋ ሊደረግ ሁለት ወር ሲቀረው፣ በኦቶማን ግዛት በኡርፋ ከተማ ካቴድራል የተሸሸጉ ወደ 3000 የሚጠጉ አርመኖች ከነቤተ ክርስቲያኑ ተቃጥለዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ የኦቶማን መንግሥት በሩሲያ ግንባር ለደረሰበት ሽንፈት አርመኖችን ተጠያቂ አደረገ። በጦሩ ውስጥ የነበሩት አርመኖች ትጥቃቸውን ፈትተው የጉልበት ሥራ ላይ ከዋሉ በኋላ ብዙዎቹ ተገደሉ። ሚያዝያ 16 ቀን 1907 ዓ.ም. የአርመን ሊቃውንትና መሪዎች ከቁስጥንጥንያ ተለቅመው ታሰሩ፤ የዜማ ሊቁ ካህን ኮሚታስ አንዱ ነበር። በየአውራጃው የቀሩት ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች በእግር በሶርያ ወዳለው ዴር ኤዝ ዞር በረሃ ተነዱ። በረሃብ፣ በጥምና በሰይፍ ያለቁት እስከ 1.5 ሚሊዮን ይገመታሉ።

አርመኖች ይኖሩባት ከነበረችው ከሙሽ ከተማ ስትሰደዱ ምን ይዛችሁ ትወጡ ነበር? ሁለት ሴቶች 28 ኪሎ ግራም የሚመዝን የብራና ድርሳን አገኙ። ስለ ከበዳቸው ለሁለት ከፍለው ተሸከሙት። አንዷ ግማሹን የአርመን ቤተ ክርስቲያን መንበር ወደሆነችው ኤችሚያዚን አደረሰች፤ ሌላዋ ድርሻዋን ቀብራ በመንገድ ሞተች። የተቀበረውም በኋላ ተገኝቶ ሁለቱ ክፍሎች ዛሬ በአርማንያ ዋና ከተማ በዬሬቫን አንድ ላይ ይገኛሉ።

የአርመን ቤተ ክርስቲያን ሚያዝያ 15 ቀን 2007 ዓ.ም. በጭፍጨፋው የተሠዉትን ሁሉ በአንድነት፣ ስም ሳትዘረዝር፣ በቅዱሳን ማዕርግ ተቀብላቸዋለች። ስለዚህ ሚያዝያ 16 ቀን ለእነርሱ ጸሎተ ፍትሐት አታደርስም፤ አማላጅነታቸውን ትለምናለች። በሰንበት ትምህርት ቤት መርሐ ግብር ስታዘጋጁ «ነፍስ ይማር» የሚለውን ትታችሁ ራእይ 6፥9ን አንብቡ። አብረዋቸው የታረዱትን ሶርያውያን ክርስቲያኖችና ግሪኮችንም አትርሱ።

በተለይ ለልጆች ስታስተምሩ «ቱርኮች ሁሉ» አትበሉ። ሐሰት ነው፤ ጥላቻም ይዘራል። የሐለብና የቆንያ ገዥ የነበረው ጀላል ቤይ ሙስሊም ቱርክ ነው፤ አርመኖችን አላግዝም ብሎ ሹመቱን አጥቷል። ስሙን ከሰማዕታቱ ታሪክ ጋር አብራችሁ ንገሯቸው።