«ሰማንያው ሳይቀደድ ሌላ ቤት ገብታለች»፦ ስለ ልጅ ማሳደግ የሚባለውና እውነታው

ደብረ ብርሃን ብርዱ ሲጠና ቡና አይጠፋም። ቡና ካለ ደግሞ የሰው ትዳር ይነሳል። ሰሞኑን የተነሳው የአንዲት የሰፈራችን ልጅ ጉዳይ ነው። ከባሏ ከተለያየች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ፍቺው ግን ገና አልተወሰነም። አሁን ከአዲስ ሰው ጋር ቤት ተከራይታለች። ሁለቱ ልጆቿም አብረዋት ናቸው። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ ፍርዱ ተሰጠ፦ «ልጆቹን አባትየው ይወስዳቸዋል፣ በቃ።»

እኔ ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው፤ ከፍርድ ቤት ደጅ አልርቅም። ስለዚህ ቡናዬን ይዤ ክርክር ገባሁ።

«ሳትፈታ ሌላ ወንድ ጋር የገባች እናት ልጆቿን ታጣለች።»

እንዲህ የሚል ሕግ የለም። በእኛ ዞን የሚሠራው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። በብዙ ነገሩ የፌዴራሉን 213/1992 ይመስላል። የፌዴራሉ አንቀጽ 113 ልጆቹ ከማን ጋር ይሁኑ ሲባል ምን እንደሚታይ ይዘረዝራል፦ የባልና የሚስት ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤና፣ የአኗኗር ሁኔታ፤ እንዲሁም የልጆቹ ዕድሜና ጥቅም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ፍርድ ቤቶች የልጁን ደህንነት እንዲያስቀድሙ ያዛል። «ከማን ጋር ተኛች» የሚል መስፈርት እዚህ ውስጥ የለም።

ግን ቶሎ ደስ አይበላችሁ። «የአኗኗር ሁኔታ» የምትለው ቃል ሰፊ ናት፤ አዲሱ ሰውዬ ወደ ክርክሩ የሚገባው በእሷ በኩል ነው። ይጠጣል? ይማታል? ልጆቹ እሱ ከመጣ ወዲህ ከትምህርት ቤት ቀርተዋል? የት ነው የሚተኙት?

አንድ መዝገብ ትዝ ይለኛል። አባትየው አንድ ገጽ ተኩል ሙሉ ስለ ሚስቱ ነውር አስጽፏል። ዳኛዋ ያነሱት ግን መጨረሻ ላይ ጣል የተደረገችውን አንድ መስመር ነው፦ ቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ መሃሉ በመጋረጃ ተከፍሏል፣ የ11 ዓመቷ ልጅ ከመጋረጃው ወዲህ ትተኛለች። «ሌላ ክፍል ማግኘት ትችያለሽ?» ብለው ጠየቋት። በሚቀጥለው ቀጠሮ የሁለት ክፍል የኪራይ ውል ይዛ መጣች። ስለ ነውሩ ያነሳ ሰው አልነበረም።

«ታዲያ ዝሙት ቅጣት የለውም ማለት ነው?»

አለው፤ በሌላ በር። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 652 መሠረት ያገባ ሰው ዝሙት ሲፈጽም፣ የተበደለው ባል ወይም ሚስት አቤት ካለ ያስቀጣል። ሳይፋታ ሌላ ሰማንያ የፈረመ ደግሞ በአንቀጽ 650 ይጠየቃል። ፍቺው በአንደኛው ጥፋት የመጣ ከሆነም ፍርድ ቤቱ ካሳ ሊያስከፍል ይችላል። ልጆቹ ግን የካሳው ሂሳብ ውስጥ አይገቡም።

በነገራችን ላይ ይሄ ሁሉ ለወንዱም ነው። የዚያች ልጅ ባል ሸዋሮቢት ከሌላ ሴት ጋር ይኖራል። ቡናው ላይ ይሄን ያነሳ የለም።

«ሽማግሌ ለያይቶናል፣ ዕቃም ተካፍለናል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ጋብቻ አለ?»

አለ። ይሄ ወሬ ሥር አለው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ፍቺ ይወስኑ ነበር። ዛሬ ሽማግሌ ያስታርቃል፤ ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው።

ነገሩ የሚከብደው አዲስ ልጅ ሲወለድ ነው። በጋብቻ ውስጥ የተጸነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው ብሎ ሕግ ይገምታል። በፌዴራሉ ሕግ ጋብቻው ከፈረሰ በኋላ በ300 ቀን ውስጥ የተወለደም ቢሆን በጋብቻው እንደተጸነሰ ይቆጠራል። እንግዲህ አስቡት፤ እናትየው ከአዲሱ ሰው ወልዳ፣ በሕግ ዓይን አባቱ ሸዋሮቢት ያለው የቀድሞው ባል ይሆናል። እሱን ለማስተካከል ሌላ ክርክር ነው። ስለዚህ ፍቺውን ማስቸኮል ለሐሜቱ ብቻ ብላችሁ አትዩት።

«ሕፃን ልጅ ሁልጊዜ የእናት ነው።»

ይሄም የድሮው ሕግ ትርፍራፊ ነው። የ1952ቱ ሕግ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር ልጅ እስከ 5 ዓመቱ እናቱ ጋር ይሁን ይል ነበር። አሁን ዕድሜ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ነው እንጂ ብቻውን አይወስንም። ሥጋም ብቻውን አይወስንም። የፌዴራሉ ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632፣ እናቱ የሞተችበትን ልጅ አባትየው ልውሰድ ቢልም ልጁ ካሳደገችው አክስቱ ጋር እንዲቆይ ወስኗል።

«ልጆቼን ካልሰጠችኝ ቀለብ አልቆርጥም፤ አዲሱ ሰውዬ ያብላቸው።»

ይቆርጣል። አባትነቱ እንደሆነ አልተፈታም። እሷም በበኩሏ ልጆቹ አባታቸውን እንዳያዩ መከልከል አትችልም።

«ዳኛ አንዴ ከወሰነ አለቀ።»

አላለቀም። ሁኔታው ሲለወጥ ውሳኔው ሊሻሻል ይችላል፤ አዲሱ ሰውዬ ዛሬ ጥሩ ሆኖ ነገ ቢከፋም። ደግሞ የፍቺ አቤቱታ እንደቀረበ፣ ዋናው ውሳኔ ሳይደርስ፣ ልጆቹ ለጊዜው ማን ጋር እንደሚቆዩ ትእዛዝ ይሰጣል።

ይሄን ሁሉ ብዬ የተቀበለኝ ሰው አልነበረም። ወሬው ግን ደርሷት ኖሮ በማግስቱ ልጅቷ ራሷ መጣች። «ጋሼ፣ ለፍርድ ቤቱ መልስ ጻፍልኝ።» የልጆቹን የትምህርት ቤት ሪፖርት ካርድ፣ የጤና ጣቢያ ካርድና የቤት ኪራዩን ውል አምጪ አልኳት። በፌስታል ይዛቸው መጥታለች።

«ስለ እሱስ ልጻፍ ወይስ ይቅር?»

«ጻፊ። ከደበቅሽ ባልሽ ያወጣዋል፤ ያኔ ይብሳል።»

እስክሪብቶዬን አንስቼ ጠበቅኳት። ምን ብላ እንደምትጠራው ጨነቃት። ባለቤቴ እንዳትል ሰማንያው አልተቀደደም። ጓደኛዬ ብትል ራሷም ሳቋ መጣ። መጨረሻ ላይ «አብሮን የሚኖር ሰው በል» አለችኝ። «አብሮኝ» አላለችም። እንዳለችው ጻፍኩት።