የባሕር ዳር ጓሮ፦ የቤት አትክልት ከወቅት ወቅት

በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ የጓሮ አትክልት ሲባል ከቤት ጀርባ፣ ከአጥር ሥር ወይም ከጉድጓድ ውሃ አጠገብ ባለች ቁራሽ መሬት ለቤት ፍጆታ የሚለማው ሁሉ ነው፦ መሐሉን ጎመን፣ ቃሪያ፣ ቲማቲምና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥግ ጥጉን ጤና አዳምና በሶብላ፣ ዳር ዳሩን ጌሾ፣ ቡና፣ ፓፓያና ማንጎ። ቦታው 10 ካሬ ሜትር ቢሆን እንኳ ከወጥ የማይጎድል ቅጠል ያወጣል። ትርፉም የገበያ ወጪ መቀነሱ ብቻ አይደለም። ቡና ሲፈላ ብቅ ብሎ የጤና አዳም ቅንጣቢ ቆርጦ መግባት፣ ለስንግ የሚሆነውን ቃሪያ ምሳ ሊቀርብ ሲል መልቀም፣ በነሐሴ ጭጋግ እሸት መስበር ከገበያ የሚገዛ ነገር አይደለም።

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ወይና ደጋ ናት። ውርጭ አያሰጋትም። በዓመት ከምታገኘው 1400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ግን ከግማሽ በላዩ በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ይወርዳል፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደግሞ ጠብታ ማየት ብርቅ ነው። ያው አንድ መደብ በነሐሴ ውሃ ይተኛበታል፣ በመጋቢት ይሰነጠቃል። ስለዚህ እዚህ የአትክልተኛ ሥራ ከማዳበሪያም ከዘርም በፊት የውሃ ሥራ ነው፦ ግማሹን ዓመት ውሃን ማስወጣት፣ ግማሹን ማስቀረት። ሐይቁም በዚሁ ሥርዓት ይሄዳል። የጣና ውሃ በመስከረም ሞልቶ እስከ ሰኔ መግቢያ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይወርዳል። ውሃው ሲያፈገፍግ የሚገለጠው መሬት ባሕር ሸሽ ይባላል፤ የዳርቻው ገበሬ ዝናብ ሳይጠብቅ በቀረው እርጥበት ይዘራበታል።

አፈርና መደብ

አፈሩ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። ቀዩ ውሃ ያሰርጋል፤ ጥቁሩ ዋልካ በክረምት እግር ይይዛል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በብዙ ግቢ ደግሞ ዶማው ገና ሳይጠልቅ ድንጋይ ያገኛል። እንዲህ ያለውን ቦታ ከመታገል የተለቀመውን ድንጋይ የመደብ ክብብ አድርጎ 30 ሴንቲ ሜትር አፈርና ፍግ መሙላት ይቀላል። የመደብ ወርድ ከ1 ሜትር ከ20 አይበልጥ፤ ከበለጠ መሐሉ ጋ ለመድረስ ሲባል ይረገጣል፣ የተረገጠ አፈር ደግሞ ሥር አያሳልፍም።

መደቡ በዓመት ሁለት ጊዜ መልኩን ይለውጣል። ለክረምት ከመሬት 20 ወይም 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፣ በዙሪያው ውሃ መውረጃ ቦይ ይቀደድለታል። ለበጋ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፣ ጠርዙ ከፍ ይላል፤ የፈሰሰበት ውሃ ወደ ጎን ሳይሸሽ እዚያው እንዲሰርግ ነው። ዓመቱን ሙሉ በአንድ ዓይነት መደብ የሚሠራ ሰው ወይ በክረምት ሥር ያበሰብሳል ወይ በበጋ ውሃ ያባክናል። ለ1 ካሬ ሜትር አንድ ባልዲ የበሰለ ፍግ ይበቃል። የበሰለ ማለት ሽታው የጠፋ፣ በእጅ ሲታሽ እንደ አፈር የሚፈርስ ነው። ትኩስ እበት ሥር ያቃጥላል፣ ከብቱ የበላውን የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል።

መስከረምና ጥቅምት

የጓሮው እውነተኛ አዲስ ዓመት ይህ ነው። ዝናቡ እየቀነሰ፣ አፈሩ ገና እርጥብ ሆኖ፣ ፀሐይዋ ትመለሳለች። በክረምት የሚታመመው ቲማቲም፣ ቃሪያና ሽንኩርት ሁሉ ዘሩ አሁን ይወድቃል።

ቲማቲም በችግኝ መደብ ይጀመራል። በ15 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ጥልቀታቸው ከ1 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ መስመሮች ይሰመራሉ፤ ዘሩ ሳስቶ ይዘራል፣ ስስ አፈርና ድርቆሽ ይለብሳል። ቡቃያው ብቅ ሲል ድርቆሹ ወዲያው ይነሳል፤ በመደቡ ላይ ግን 1 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የሳር ጥላ ይሠራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አፍስሶ ይዘራል፣ ጠዋትና ማታ ያጠጣል፣ በሁለተኛው ሳምንት ቡቃያው ከግርጌው ቀጥኖ አንድ በአንድ ይወድቃል። ትል የቆረጠው ይመስላል፤ ነገሩ ግን እርጥበትና መጨናነቅ የሚወዱ ሻጋታዎች ሥራ ነው። ትል ከሆነ የተቆረጠው ቡቃያ አጠገብ ትንሽ ጫር ሲደረግ ተጠቅልሎ ይገኛል። ሻጋታው ከሆነ መድኃኒቱ ማሳሳት፣ ውሃውን በጠዋት ብቻ ማድረግና ጥላውን መቀነስ ነው።

ችግኙ ከ25 እስከ 30 ቀን ሲሆነው፣ እርሳስ ያህል ሳይወፍር፣ ወደ ዋናው መደብ ይዛወራል። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ጥላው ቀስ በቀስ ይነሳል፣ ውሃውም ይቀነሳል፤ ተንደላቆ ያደገ ችግኝ በጥቅምት ፀሐይ ይጠወልጋልና። ዝውውሩ ከ10 ሰዓት በኋላ ይሁን። በመስመሮች መካከል 1 ሜትር፣ በተክሎች መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ይተዋል፤ ቦታ የጠበበው ሰው መስመሩን ወደ 70 አቅርቦ እያንዳንዱን በእንጨት ይደግፍ። በግንዱና በቅርንጫፉ ብብት የሚወጣው ቀንበጥ ጣት ሳይሞላ ይቀነጠሳል። ውሃው ሥሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አይፈስስ። ፍሬው ከታች በአፉ በኩል ጠቁሮ ከጎደጎደ በሽታ ሳይሆን ካልሲየም ማጣት ነው፤ ካልሲየሙ አብዛኛውን ጊዜ አፈሩ ውስጥ አለ፣ ወደ ፍሬው የሚያደርሰው ውሃ ግን አንድ ሳምንት ተረስቶ አንድ ቀን ጎርፍ ሆኗል። መርጨት አያድነውም፣ በእኩል ማጠጣት ያድነዋል።

ካሮት ችግኝ አይወድም፤ እዚያው በሚያድርበት ይዘራል። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ከአሸዋ ጋር ተቀላቅሎ በ20 ሴንቲ ሜትር መስመር ይበተናል፤ ለመብቀል እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፣ በዚህ ጊዜ የላይኛው አፈር መድረቅ የለበትም። ጣት ሲያክል በ5 ሴንቲ ሜትር ይሳሳል። ማሳሳቱ ብዙ ሰው እጁ እምቢ የሚለው ሥራ ነው፤ ያላሳሳ ግን የአይጥ ጅራት ይነቅላል። እግሩ ለሁለት የተከፈለ ካሮት የድንጋይ ወይም የትኩስ ፍግ ውጤት ነው።

ነጭ ሽንኩርት በጥቅምት ከትልልቆቹ ፍልቃቂዎች ተመርጦ ሹሉ ወደ ላይ ሆኖ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ፣ መስመሩ በ30 ይተከላል። ትንንሾቹን ለወጥ፣ ትልልቆቹን ለመሬት ነው ደንቡ፤ አብዛኛው ቤት ግን በተቃራኒው ያደርጋል። ቅጠሉ ግማሽ በግማሽ ቢጫ ሲሆን ውሃ ይቆማል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይነቀላል፣ በጥላ ይደርቃል።

ብስባሽ ለመከመርም ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም፤ አረሙ ለምለም ነው፣ ገና ዘር አልያዘም። ከታች ለአየር ደረቅ የበቆሎ አገዳ፣ ቀጥሎ 20 ሴንቲ ሜትር እርጥብ አረም፣ 5 ሴንቲ ሜትር ፍግ፣ በላዩ እፍኝ እፍኝ አመድና አፈር፤ እንዲህ እየተደረበ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል። ውስጡ የገባ እንጨት ከሳምንት በኋላ ሲመዘዝ ትኩስ ከሆነ ክምሩ ሕይወት አለው። ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውሃ ይጎድለዋል፤ የሚከረፋ ከሆነ ውሃ በዝቶበታል፣ ይገልበጥ። በየወሩ ከተገለበጠ በሦስት አራት ወር ይደርሳል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁን ያስቸገረውን እንቦጭ የሚከምሩም አሉ። ይሆናል፣ ግን አበባ ያልያዘው ብቻ፣ ያውም በፀሐይ ጠውልጎ፤ ዘሩ ለዓመታት ሳይበቅል ይቆያል፣ ጥሬ ቁራጩም ውሃ ካገኘ ይለመልማል። ወደ ሐይቁ በሚወርድ ቦይ አጠገብ ፈጽሞ አይከመርም።

በጋ

ከታኅሣሥ በኋላ ጓሮው የሚኖረው በባልዲ ነው። በመጋቢት ሙቀት 1 ካሬ ሜትር መደብ በቀን 5 ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ ወርዱ 1 ሜትር ከ20፣ ርዝመቱ 5 ሜትር የሆነ መደብ በቀን አንድ ጀሪካን ተኩል ማለት ነው። በየቀኑ ጥቂት ከመርጨት በሁለት ቀን አንዴ ሦስት ጀሪካን አጥልቆ ማጠጣት ይበልጣል፤ የላይ የላዩን የለመደ ሥር ከላይ ይቀራል፣ አንድ ቀን ሲረሳ ይሞታል። አራት ጣት ውፍረት ያለው የሳር ወይም የገለባ ጉዝጓዝ ውሃውን ያቆያል፤ ምስጥ ባለበት ጓሮ ግን ከግንዱ ትንሽ ራቅ ይበል። የአትክልትና የሩዝ እጣቢ ውሃ ለመደቡ ይሆናል፣ ኦሞ የገባበት አይሆንም።

ብልህ ቤት በዚህ ወቅት የሚያሰላው ሁዳዴን ነው። ጾሙ በየካቲት ወይም በመጋቢት መጀመሪያ ገብቶ 55 ቀን ይቆያል፤ ቅጠል የሚፈለገውም ውሃ በሚጠፋበት በዚያ ሰዓት ነው። ጎመንና ቆስጣ በታኅሣሥ አጋማሽ አንድ መደብ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ መደብ ከተዘሩ እየተተካኩ ያደርሳሉ። ሲለቀም ከታች ነው፤ ከላይ አራት አምስት ቅጠል ካልቀረለት ጎመን ይደክማል። የዚህ ወር ጠላት ክሽክሽ ነው፤ በቅጠሉ ጀርባ ተጠቅጥቆ ይመጣል። ሲጀምር ቅጠሉን ቆርጦ መጣል ወይም በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና አድርጎ ወደ ማታ ጀርባውን ማጠብ ይበቃል። በቀትር ከተረጨ ቅጠሉን ያቃጥላል።

የመጀመሪያው ዝናብ

በሚያዝያና በግንቦት ጠብ ጠብ የሚለው ዝናብ ሰውን ያታልላል፤ አንድ ቀን ዘንቦ ሁለት ሳምንት ይጠፋል። በቆሎ ለመዝራት አፈሩ አንድ ክንድ ያህል መራሱን ቆፍሮ ማየት ነው። ለእሸት የሚዘራ በቆሎ በአጥር ዙሪያ በአንድ መስመር ከሚሆን ቢያንስ በአራት አጫጭር መስመሮች ተጠጋግቶ ይሁን፤ የአበባው ብናኝ በነፋስ የሚሄድ ስለሆነ የተበታተነው ራሱ ጥርሱ የወላለቀ ይሆናል። በ2009 ዓ.ም. ወደ አገር የገባው መጤ ተምች በቡቃያው ልብ ውስጥ ይደበቃል፤ በጓሮ ልክ በየሁለት ቀኑ እየለቀሙ መጨፍለቅ ከመድኃኒት ይሻላል።

ዱባ በሁለት አካፋ ፍግ በተሞላ ጉድጓድ ሦስት ፍሬ ይጣልና ሁለቱ ይተዋሉ። አበባው በዝቶ ዱባው ጣት አክሎ የሚረግፍ ከሆነ ንብ በዝናብ ምክንያት አልመጣችም ማለት ነው፤ በጠዋት የወንዴውን አበባ ቀጥፎ በግርጌዋ እንቡጥ ዱባ ባላት ሴቴ አበባ ውስጥ ማሸት ነው።

ቡና ከደረቅ ወራት በኋላ ጥሩ ዝናብ ባገኘ በሳምንት በአሥር ቀኑ ነጭ ያብባል፤ ሽታው ጎረቤት ድረስ ይሄዳል። በጋውን ሙሉ ጥቂት ጥቂት ውሃ የተሰጠው ቡና ግን አበባው ይበታተናል፣ ለቀማውም አንድ ላይ አይደርስም።

ክረምት

ዋናው ሥራ ቦይ መጥረግ ነው። በሐምሌ ጎመኑ ቢጫ ሲሆን ብዙ ሰው ዩሪያ ይጨምራል፤ ሥሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ መተንፈስ ስላቃተው ነው እንጂ ምግብ አጥቶ አይደለም። የሐበሻ ጎመን ክረምቱን የሚችል ነው፤ ከዱባ ቅጠል ጋር የፍልሰታን 15 ቀን ይሸፍናል። ቲማቲምና ድንች ግን በዚህ ጭጋግ ቅጠላቸው በሁለት በሦስት ቀን ይጠቁራል፤ ምች መታው ይባላል። የተመታው ይነቀላል እንጂ ወደ ብስባሹ አይጣልም።

የዛፍ ችግኝ መትከያውም አሁን ነው። ጉድጓዱ በግንቦት 60 በ60 ተቆፍሮ የላይ አፈሩ ለብቻ ይቀመጣል፣ ሲተከል እርሱ ከታች ይገባል። ፓፓያ ውሃ የሚተኛበት ቦታ ፈጽሞ አይወድም፤ በጉብታ ላይ ሦስት ሦስት ይተከልና አበባ ሲያወጡ ወንዶቹ ይነቀላሉ፣ ለዘር አንድ ይበቃል።

በሐይቁ ማዶ ዘጌ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የገዳማቱ ደን በበሬ አይታረስም፤ ኑሮው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው፣ ትውፊቱም ሦስቱን ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዛቸዋል። የከተማው ጓሮ ጌሾውን በአጥር ጥግ አድርጎ ያንኑ ይቀዳል፤ ቅጠሉና ጭራሮው ለጠላና ለጠጅ ይሆናል፣ ቡናውም ጥላው ሥር ይቆማል።

አጥሩ ሰንሰል ቢሆን ቁራጩ በክረምት ተሰክቶ ይይዛል፣ ፍየልም አትደፍረውም። ጦጣ ባለበት ሰፈር በቆሎውንና ፓፓያውን ከዛፍ ቅርንጫፍ ራቅ አድርጎ መትከል፣ ፍሬውንም ሙሉ ሳይበስል መልቀም ነው ያለው መላ። በሐይቁና በዓባይ ዳር ሌሊት የሚወጣው ጉማሬ ግን ሰንሰል አያቆመውም፤ እዚያ ያሉ ሰዎች መደባቸውን ከውሃው አርቀው ቦይ ይቆፍራሉ፣ በምሽትም ወደ ጓሮ አይወጡም።