የወጣቶች አገልግሎት ምንድን ነው?

ቅዳሜ ከሰዓት አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ብታልፉ ከቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ የኪቦርድ ድምፅ ትሰማላችሁ። ወጣቶች መዝሙር እየተለማመዱ ነው። ብዙ ሰው «የወጣቶች አገልግሎት» ሲባል ትዝ የሚለው ይሄ ነው። ኳየር፣ ኮንፍረንስ፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት።

እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው፤ እኔም ያደግኩባቸው ናቸው። ዓላማው ግን ሌላ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ወጣቶቿን ደቀ መዝሙር ማድረጓ። ደቀ መዝሙር ከመምህሩ ጋር ውሎ፣ አኗኗሩን አይቶ የሚማር ሰው ነው። ስለዚህ ስብከት ብቻውን አይበቃም። ወጣቱ በስሙ የሚያውቀው፣ ፈተና ሲወድቅ የሚደውልለት፣ ጥያቄውን ሳይደነግጥ የሚሰማው ታላቅ ያስፈልገዋል።

በከተማው ዳር ለምንኖር ደግሞ ይሄ በጣም ያስፈልጋል። አንዳንዶቻችን ኮንዶሚኒየም ደርሶን፣ ሌሎቻችን የልማት ተነሺ ሆነን ነው የመጣነው። በድሮ ሰፈራችን ልጅ ሲያጠፋ ጎረቤት ይቆጣ ነበር። እዚህ ከላይኛው ፎቅ ያለው ሰው ልጁ የማን እንደሆነ አያውቅም። ወላጅ መሀል ከተማ ለመድረስ በሌሊት ይወጣል፣ መሽቶ ይገባል። ቤቲንግ ቤቱና ጫት ቤቱ ግን ቀኑን ሙሉ ክፍት ናቸው።

በአገራችን ወጣቶች ለቤተ ክርስቲያን ጌጥ ብቻ ሆነው አያውቁም። ሙሉ ወንጌል የተባለችውን የጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያን በ1950ዎቹ መጨረሻ ያቋቋሟት በአብዛኛው ተማሪዎች ነበሩ። መሠረተ ክርስቶስ የተባለችው ሌላ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ ስትዘጋ 5,000 ገደማ አባላት ነበሯት። አዳራሽ የለ፣ መድረክ የለ። ምእመናኑ ጥቂት ጥቂት ሰው እየሆኑ በየቤቱ ተደብቀው መገናኘት ያዙ። ደርግ ሲወድቅ፣ በ1983 ዓ.ም.፣ አባላቷ ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። ይሄን ሳስብ ሁሌ ይገርመኛል። ያደጉት ሰው ለሰው እየተያዩ፣ ማን እንደቀረ እየተጠያየቁ ነው።

እኛ ጋ የሆነውን ልንገራችሁ። ኪቦርድ የሚመታው ልጅ አንድ ቅዳሜ ሲቀር በዚያው ቀን ሦስት ሰው ደወለለት። ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው ልጅ ግን ወር ሙሉ ቀርቶ ማንም ልብ አላለም። እኔም ጭምር። በመጨረሻ ስደውልለት መጀመሪያ ያለኝ «ስልኬን ከማን አገኘህ?» ነው። ሁለት ዓመት አብሮን ነበር።

ያን ዕለት ያዘንኩትን ያህል አዝኜ አላውቅም። አሁን ረቡዕ ማታ ስድስት ሰባት ሆነን አንዳችን ቤት እንሰበሰባለን። አንድ የወንጌል ምዕራፍ እናነባለን፣ ስለ ሥራ ፍለጋውም ስለ ማትሪኩም እናወራለን፣ እንጸልያለን። ንባቡን በየተራ እንመራለን፤ ታናሹ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነው። ያ የኋላ ወንበሩ ልጅ አልፎ አልፎ ይመጣል። ሲቀር እንደውላለን።