የሌሊት ሕክምና ስልክ ለማንሳት ለምትገቡ፦ የሚወራው እና እውነታው

ክረምቱን ከሥራ ሰዓት ውጪ በሚሰጥ የሕክምና የስልክ አገልግሎት ላይ ስልክ ተቀባይ ሆናችሁ ልትገቡ ነው? እንግዲህ ድሬዳዋ ላይ ወሬው ከሥራው ይቀድማል። ከከዚራ እስከ ሳቢያን የሚባለውን ሰምቼ ጠግቤያለሁና ልመልስ።

«ሐኪም ያልሆነ ሰው በስልክ ምን ሊል ነው?»

ስለ በሽታው ምንም አይልም። የሚመረምረው ተረኛው ነርስ ወይም ሐኪም ነው። የናንተ ሥራ መጀመሪያ የደዋዩን ቁጥርና ቦታ መያዝ ነው፤ ኔትወርክ ይቆረጣል፣ ባትሪም ያልቃል። ቀጥሎ ነቅቷል ወይ? ይተነፍሳል ወይ? ደም ይፈሰዋል ወይ? ከዚያ ማስተላለፍ።

ቀላል ይመስላል አይደል? እስቲ ቦታ ጠይቁ። «ገንደ ቆሬ ነኝ» ይላችኋል። የት ጋ? «ከሱቁ አጠገብ።» የቱ ሱቅ? «አታውቂውም እንዴ?» ይቆጣል። የቤት ቁጥር ብትጠይቁት ጭራሽ ግራ ይገባዋል። «በባጃጅ ስትመጣ የት ነው የምትወርደው?» በሉት። ያኔ መስጊዱን፣ ኩርባውን፣ የበሩን ቀለም ሳይቀር ይነግራችኋል። ዝናብ ካለ ደግሞ ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ነው ወዲያ ብላችሁ ጠይቁ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከ200 በላይ ሰው የፈጀው ጎርፍ የመጣው ሌሊት ነበር።

«ትኩሳት ከሆነ ማስታገሻ መንገር ምን ችግር አለው?»

አለው፣ በተለይ እዚህ ከተማ። ድሬ በ2006 ዓ.ም. ዴንጊ፣ በ2011 ቺኩንጉንያ (ሁለቱም በትንኝ የሚተላለፉ የቫይረስ ሕመሞች ናቸው)፣ በ2014 ደግሞ የወባ ወረርሽኝ አይታለች። ሦስቱም በትኩሳትና በቁርጥማት ስለሚጀምሩ በስልክ አይለዩም። ደዋዩ «ዳይክሎፌናክ ቤት አለ፣ ልስጠው?» ይላል። ነገሩ ዴንጊ ከሆነ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን የመድማት አደጋን ይጨምራሉ። ስለዚህ «እሺ» አትበሉ፤ ጥያቄውን ለተረኛው አስተላልፉ።

ከዚህ የባሰው «ትኩሳቱ ለቀቀው፣ ተሻለው» የሚለው ነው። በዴንጊ አደገኛው ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ትኩሳቱ ሲበርድ ነው፤ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው ውስጥ። ስለዚህ «ከጀመረው ስንት ቀኑ ነው?» የምትለዋን ጥያቄ አትዝለሉ። ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ የማያቆም ትውከት ወይም የድድ መድማት ካለ ያ ደዋይ ወረፋ አይጠብቅም።

«እኛ ሰፈር ረግረግ ስለሌለ ወባ አይሆንም» የሚልም አይጠፋም። አኖፌለስ ስቴፌንሲ የምትባለው የከተማ ትንኝ ግን ለውኃ እጥረት ብለን በሞላነው በርሜል ውስጥ ትራባለች። ክርክር አትግጠሙ፣ መዝግቡና እለፉ።

«የሚጮኸው ነው የባሰበት»

ብዙ ጊዜ የሚጮኸው አስታማሚው ነው። በሽተኛው ራሱ ካወራ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቋረጥ መጨረስ መቻሉን አዳምጡ። መሃል ላይ ለትንፋሽ የሚያቆም ሰው፣ ድምፁ ቢለሰልስም፣ ይቀድማል።

«ሌሊት ልቤ ይመታል የሚል ሁሉ መርቅኖ ነው»

ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ እውነት ነው። ግን ደረቱን የሚያመው፣ የሚያልበው ሰው ስለቃመ ብቻ «ምርቃና ነው፣ ይለቅሃል» አይባልም። ቀልድ የሚወድ ከተማ ስለሆነ ይሄ ይፈታተናል። ቻሉት።

«አማርኛ ይበቃል»

አይበቃም። ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ የሚችል ባልደረባ ከየትኛው ወንበር እንደተቀመጠ በመጀመሪያው ቀን እወቁ። የአያቷን ሕመም የስምንት ዓመት ልጅ እንድታስተረጉም አታድርጉ።

«የሌሊት ሥራ ሁሉ ትርፍ ሰዓት ነው»

ይሄኛው ኪሳችሁን ይነካል። በግል ድርጅት ከተቀጠራችሁ የሚገዛችሁ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በመደበኛ ፈረቃችሁ ሌሊት መግባት ብቻውን ትርፍ ሰዓት አይሆንም። በቀን ከ8 ሰዓት በላይ ስትሠሩ ነው የሚታሰበው፤ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ደግሞ የሰዓቱ ክፍያ በ1.75 ይባዛል። የሕዝብ በዓል ቀን መሥራት ግን ቢያንስ እጥፍ ያስከፍላል። የክረምቱ ውል እስከ መስከረም የሚዘልቅ ከሆነ የእንቁጣጣሽና የመስቀል ሌሊት ማን እንደሚገባ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።