በሐሩር ክልል ውቅያኖሶች የዙፕላንክተን ዓይነትና ስርጭት

ዙፕላንክተን የሚባሉት ጅረት ወደወሰዳቸው የሚሄዱ የባሕር እንስሳት ናቸው። ይዋኛሉ፤ ነገር ግን ጅረቱን አሸንፈው ርቀው መሄድ አይችሉም። አብዛኞቹ ጥቂት ሚሊሜትር እንኳ አይሞሉም። እንደ ጄሊፊሽ ያሉት ደግሞ በጣም ሊተልቁ ይችላሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ እንዲህ የሚያሳልፉ ወደ 7,000 የሚጠጉ ዝርያዎች ይታወቃሉ። የዓሣ፣ የሸርጣን፣ የኮራልና የባሕር ቀንድ አውጣ እጮች ግን እስኪያድጉ ድረስ ብቻ አብረዋቸው ይንሳፈፋሉ። በአማርኛ ስለ እነዚህ ፍጥረታት የተጻፈ ነገር ማግኘት ስለሚከብድ፣ ዋና ዋናው እዚህ በአንድ ቦታ ተሰባስቧል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሞቃቱ ውሃ

በሐሩር ክልል ፀሐይ የላይኛውን ውሃ ዓመቱን ሙሉ ታሞቀዋለች። የሞቀ ውሃ ቀላል ስለሆነ ከቀዝቃዛው በላይ እንደ ክዳን ይቀመጣል። ናይትሬትና ፎስፌትን የመሰሉ ንጥረ ነገሮች ከታች ይቀራሉ። ስለዚህ ፋይቶፕላንክተን የሚባሉት ጥቃቅን ተክል መሰል ፍጥረታት ብዙም አይባዙም። ያሉትም እጅግ ደቃቅ ናቸው። የሐሩር ባሕር ጥርት ብሎ ሰማያዊ የሚመስለው በዚሁ ምክንያት ነው።

በአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ውስጥ የሚገኘው የዙፕላንክተን ብዛት እንግዲህ በሰሜን አትላንቲክ በጸደይ ወራት ከሚታየው ያንሳል። በዓይነት ግን ይበልጣል። በቀዝቃዛ ባሕር ጥቂት ዝርያዎች መረቡን ይሞሉታል። በሐሩር ባሕር ግን አንድ ጊዜ የተጎተተ መረብ በርካታ ዝርያዎችን ይዞ ይወጣል፤ ከእያንዳንዱ የሚገኘው ግን ትንሽ ነው። ይህን ባሕር “ደሃ” ብሎ ማለፍ ትልቅ ስህተት ነው።

እነማን ናቸው?

በቁጥር የሚበዙት ኮፔፖዶች ናቸው። እነዚህ የሽሪምፕ ዘመድ የሆኑ ጥቃቅን ቅርፊት ለበሶች ናቸው። ብዙ ጊዜ ከናሙናው ከ70 እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ይይዛሉ። በሐሩር ውሃ ትንንሾቹ ያይላሉ፦ ኦይቶና፣ ኦንኬያ፣ ፓራካላነስ፣ ክላውሶካላነስ። ውሃው ሞቃት ስለሆነ ቶሎ ያድጋሉ፤ በዓመት ውስጥም ብዙ ትውልድ ይተካሉ።

አዳኞችም አሉ። ቀስት ትሎች መስታወት መሰል አካል አላቸው፤ ኮፔፖድን በአፋቸው ዙሪያ ባለው መንጠቆ ይይዛሉ። በሐሩር ባሕር የላይኛው ውሃ በብዛት የሚገኘው ሳጊታ ኤንፍላታ የሚባለው ነው። ሳልፖች የሚባሉት ጄሊ መሰል እንስሳት ውሃ እያጣሩ ይመገባሉ፤ ሁኔታው ሲመቻቸው በአጭር ጊዜ ተራብተው ባሕሩን ይሞላሉ። ሽሪምፕ መሰሉ ክሪል፣ የጄሊፊሽ ዘመድ የሆነው ሲፎኖፎር፣ ክንፍ መሰል እግር ያላቸው ቀንድ አውጣዎች (ፕቴሮፖዶች) እና ባለ አንድ ሴሎቹ ፎራሚኒፌራዎችም አሉ። በውሃው ገጽ ላይ ደግሞ ሃሎባቴስ የሚባል ነፍሳት ይሄዳል። ከባሕር ዳርቻ ርቀው በውቅያኖስ መሐል የሚኖሩ የነፍሳት ዝርያዎች 5 ብቻ ናቸው፤ አምስቱም የዚህ ወገን ናቸው።

የቀደሙ ጉዞዎች

ቻርለስ ዳርዊን በ1832 ከቢግል መርከብ ላይ የፕላንክተን መረብ ጎትቷል። በ1889 ጀርመናዊው ቪክቶር ሄንሰን ናሽናል በተባለች መርከብ አትላንቲክን አቋርጦ የፕላንክተንን ብዛት ለመለካት ሞከረ። በሞቃቱ ባሕር ከሰሜኑ ያነሰ ማግኘቱ ብዙዎችን አስገረመ። ሌላው ጀርመናዊ የእንስሳት ተመራማሪ ኧርንስት ሄክል ውጤቱን አጥብቆ ተቃወመ። በብዛት ጉዳይ ሄንሰን ትክክል ነበር። በ1928 እና 1929 በአውስትራሊያ ታላቁ የኮራል ሪፍ የተደረገው ጥናት ደግሞ በአንድ የሐሩር ቦታ ዓመት ሙሉ ናሙና በመውሰዱ ይታወሳል። በ1933 እና 1934 የግብፅ መርከብ ማባሂስ በአረቢያ ባሕር ጥልቀት ኦክስጅን ያነሰበትን ሰፊ ውሃ መዘገበች።

ዓለም አቀፉ የሕንድ ውቅያኖስ ጉዞ

ዛሬ ስለ ሐሩር ዙፕላንክተን ስርጭት ካለን እውቀት ትልቁ ድርሻ የመጣው ከ1959 እስከ 1965 ከተካሄደው ዘመቻ ነው። ከዚያ በፊት የሕንድ ውቅያኖስ ከታላላቆቹ ውቅያኖሶች ሁሉ ያነሰ የተጠና ነበር። ከብዙ አገሮች የመጡ መርከቦች ተሳተፉ። ከሶቪየት ኅብረት ቪትያዝ፣ ከብሪታንያ ዲስከቨሪ፣ ከጀርመን ሜቴኦር፣ ከጃፓን ኡሚታካ ማሩ፣ ከሕንድ ኪስትና መጡ። የአሜሪካኗ አንቶን ብሩን ቀደም ሲል የፕሬዚዳንቶች የመዝናኛ መርከብ ነበረች፤ ለዚህ ሥራ ታድሳ ቤተ ሙከራ ተገጠመላት።

የዘመቻው ትልቁ ጥበብ አንድ ዓይነት መረብ መጠቀሙ ነው። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ መርከብ በራሱ መረብ ይሠራ ስለነበር የአንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር ማነጻጸር አይቻልም ነበር። ሮናልድ ከሪ የነደፈው የሕንድ ውቅያኖስ መደበኛ መረብ አፉ 1 ካሬ ሜትር ነው። የወንፊቱ ቀዳዳ 0.33 ሚሊሜትር ነው። ከ200 ሜትር ጥልቀት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይጎተታል። የትኛውም መርከብ ይሁን፣ ሥራው አንድ ነው።

ናሙናዎቹ የተሰበሰቡት በሕንድ ኮቺ በተቋቋመው የሕንድ ውቅያኖስ ባዮሎጂ ማዕከል ነው። በዚያ የነበሩ ባለሙያዎች እያንዳንዱን ጠርሙስ ከፍተው መጠኑን ለኩ። ከዚያ በማይክሮስኮፕ ሥር እንስሳቱን በየወገናቸው ለዩ፦ ኮፔፖዱን ለብቻ፣ ቀስት ትሉን ለብቻ፣ የዓሣ እጩን ለብቻ። የተለየው ወገን ወደየዘርፉ ተመራማሪዎች ተላከ። ይህ ዓመታት የፈጀ፣ ዓይን የሚያደክም ሥራ ነበር። ከዚህ ሥራ የወጡት የስርጭት ካርታዎች የሚጠቀሱት በመሪዎቹ ስም ቢሆንም፣ ያለ ለዪዎቹ ትዕግሥት አንዳቸውም ባልኖሩ ነበር። ማዕከሉ በኋላ በ1966 የተመሠረተው የሕንድ ብሔራዊ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም አካል ሆነ።

ውጤቱ ግልጽ ነበር። በሶማሊያና በአረቢያ ልሳነ ምድር ዳርቻ ዙፕላንክተኑ ይበዛል። የደቡብ ምዕራቡ የሞንሱን ነፋስ በክረምት ወራት የላይኛውን ውሃ ከዳርቻ ይገፋዋል፤ በንጥረ ነገር የበለጸገ ቀዝቃዛ ውሃ ከታች ይተካዋል። የሕንድ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻም እንዲሁ ሀብታም ነው። ከ10 ዲግሪ ደቡብ ገደማ አልፎ ባለው ሰፊ የውቅያኖስ መሐል ግን ቁጥሩ በጣም ይወርዳል።

መረቡ ጉድለት አለው። ኦይቶናና ኦንኬያን የመሰሉ ደቃቆች በ0.33 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያመልጣሉ። ስለዚህ በሐሩር ባሕር በቁጥር የበዙት እነሱው ሆነው ሳለ በካርታው ላይ አንሰው ይታያሉ። ከ200 ሜትር በታች ያለውም አልተነካም። ያም ሆኖ ለዚህን ያህል ስፋት እንዲህ ወጥ የሆነ መለኪያ ማበጀት ያኔ ቀላል አልነበረም።

አረቢያ ባሕር

የሶማሊያን ዳርቻ ሕይወት በደንብ የሚያሳየው ካላኖይደስ የሚባለው ኮፔፖድ ነው። ሞንሱኑ ሲነሳ ወደ ላይ ወጥቶ ይበላል፣ ይባዛል። ነፋሱ ሲቆም ያልጎለመሱት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሜትሮች ወርደው፣ በሰውነታቸው ባጠራቀሙት ስብ እየኖሩ ቀጣዩን ሞንሱን ይጠብቃሉ። በብዙ ጽሑፎች ካላኖይደስ ካሪናተስ ተብሎ ይገኛል፤ በቅርብ የወጡት ግን የዚህን አካባቢ ናታሊስ ይሉታል።

በ1996 የሕንድ ተመራማሪዎች በአረቢያ ባሕር የላይኛው ንብርብር ዙፕላንክተን ከወቅት ወቅት ብዙም አይለዋወጥም ሲሉ ጻፉ። ምግቡ ሲያንስ እነሱ አለማነሳቸው ግራ ስለሚያጋባ “የአረቢያ ባሕር ፓራዶክስ” ተባለ። ማብራሪያቸው ባክቴሪያና ደቃቅ ባለ አንድ ሴሎች ክፍተቱን ይሞላሉ የሚል ነው። አሳማኝ ነው። ሌሎች ግን ለዳርቻው ቅርብ በሆነው ውሃ በሞንሱን ጊዜ ጭማሪ እንዳለ ያሳያሉ፤ ክርክሩ አልተዘጋም።

ከ150 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ 1,000 ሜትር ድረስ ደግሞ ኦክስጅን እጅግ ያነሰበት ውሃ አለ። አብዛኛው ዙፕላንክተን ከዚህ በላይ ባለው ቀጭን ንብርብር ይጨናነቃል። አንዳንዶቹ ቀን ወደዚያ ወርደው ከዓሣ ይሸሸጋሉ፣ ማታ ወጥተው ይመገባሉ። ይህ የቀንና የማታ ጉዞ በሁሉም ውቅያኖስ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሶናር (በድምፅ ሞገድ የውሃ ውስጥ ነገርን የሚፈልግ መሣሪያ) ባለሙያዎች ያልጠበቁት “ሐሰተኛ ወለል” ሲገጥማቸው፣ በኋላ የነዚሁ ተጓዦች ጭፍራ መሆኑ ታወቀ። ሉሲኩሺያ ግራንዲስ የተባለው ኮፔፖድ ኦክስጅን ባነሰበት ውሃ የታችኛው ጠርዝ ላይ ይኖራል።

ቀይ ባሕርና ሌሎች

ቀይ ባሕር ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ያነሰ ዝርያ አለው። በባብ ኤል መንደብ በኩል ያለው ወለል ከ140 ሜትር ስለማይበልጥ የጥልቅ ውሃ እንስሳት መሻገር አይችሉም። የተሻገሩትም ጨዋማነቱና እስከ ወለሉ 21 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚሆነው ሙቀት ይፈትናቸዋል። ወደ ሰሜን በሄዱ ቁጥር ዝርያው እየሳሳ ይመጣል። በምሥራቅ ፓስፊክም እንደ አረቢያ ባሕር ኦክስጅን ያነሰበት ውሃ አለ። በጊኒ ባሕረ ሰላጤ ካላኖይደስ የሰርዲኔላ ዓሣ ምግብ ነው።

ዝርያ የሚበዛው ምድር ወገብ ላይ ነው?

ብዙዎች እንደዚያ ያስባሉ። በ1999 የወጣ የፎራሚኒፌራ ጥናት ግን ከፍተኛው ብዝኃነት ከምድር ወገብ ወጣ ብሎ፣ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ አካባቢ እንደሆነ አሳየ። በኮፔፖዶችም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ለዚህ የውሃው ሙቀት ዋናው ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ከ2009 እስከ 2013 ታራ የተባለችው ሸራማ መርከብ ውቅያኖሶችን ዞራ የሰበሰበችው ዲኤንኤ፣ ከዋልታዎቹ ወደ ሐሩሩ ዓይነት እየጨመረ እንደሚሄድ አረጋግጧል።

ሁለተኛው የሕንድ ውቅያኖስ ጉዞ በ2015 ተጀምሯል። የኮቺው ስብስብ ፎርማሊን በተባለ ማቆያ ኬሚካል የተቀመጠ በመሆኑ ዲኤንኤ ማውጣት አስቸጋሪ ነው። ቅርጽን ለማጥናትና ብዛትን ለማነጻጸር ግን ያገለግላል። ውሃው ከሞቀ፣ ኦክስጅን ያነሰበት ንብርብርም ከሰፋ በኋላ የተገኘውን ናሙና ከ60 ዓመት በፊት ከነበረው ጋር ማስተያየት የሚቻለው በእነዚያ ጠርሙሶች ነው።